የፎቶግራፍን ሥዕል ወደ ጨርቅና ወደ ልዩ ልዩ ዕቃዎች ስለ ማዛወር፤ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለደጋን ነጋዴዎች

የፎቶግራፍ ሥዕል ከወረቀት ወጥቶ በካናቴራ፣ በትራስ ልብስ፣ በኩባያ፣ በእንጨትና በመቃብር ድንጋይ ላይ መታተም ከጀመረ ወዲህ ሥራው በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች የአነስተኛ ነጋዴዎች እንጀራ ሆኗል። ደንበኛው ብዙ ዐይነት ነው። ሙሽሮች፣ ተመራቂ ተማሪዎች፣ የእግር ኳስ ቡድኖችና ማኅበራት የየራሳቸውን ሥዕል ያሳትማሉ፤ የካቲት 23 ቀን ሲቃረብ የዐፄ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ሥዕል ያለበት ካናቴራ ይፈለጋል፤ ለመውሊድም የመስጊድ ሥዕልና የዐረብኛ ጽሕፈት ይታዘዛል። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ለሐዘን የሚሆነው ትእዛዝ ነው። ሟች ከተቀበረ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ቀብሩ ሳይፈጸም፣ ቤተ ዘመዱ የሟቹ ሥዕል ያለበትን ልብስ ለመልበስ ይሻል። እንዲህ ያለው ደንበኛ ዕቃውን መልሶ የሚያሠራበት ሁለተኛ ቀን የለውም።

በዚህ ሥራ የሚሰማው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዐይነት ነው። ሥዕሉ በተሠራበት ቀን ደምቆ ይታያል፤ ከሁለትና ከሦስት እጥበት በኋላ ግን ይደበዝዛል፣ ወይም እየተሰነጣጠቀ ይላጣል። ነጋዴው ጥፋቱን በመኪናው ያሳብብና ከፊተኛው ይልቅ ዋጋው የከበደ ሌላ መኪና ያስመጣል፤ ጉድለቱ ግን እንዳለ ይቈያል። ምክንያቱም የነገሩ ሥር ያለው በመኪናው ሳይሆን ቀለሙና ቀለሙን የሚቀበለው ዕቃ ባለመጋጠማቸው ላይ ነው። ቀለም ሁሉ በጨርቅ ሁሉ ላይ አይጸናም። ይህን አንድ ነገር አጥርቶ የተረዳ ነጋዴ ከሚደርስበት ኪሣራ እኩሌታውን አስቀድሞ አስወገደ ማለት ነው።

ሥዕልን በወረቀት አንሥቶ በሌላ ዕቃ ላይ የማሳረፍ ብልሃት አዲስ አይደለም። በ1756 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን የተባሉ ሁለት ሰዎች በዚህ ዘዴ በስድስት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከ1200 የሚበልጡ የግድግዳ ሸክላዎችን ማተማቸውን በመሐላ ቃል አረጋግጠዋል። ፎቶግራፍ በ1839 እ.ኤ.አ. ለዓለም ከተገለጠ በኋላም በ1854 እ.ኤ.አ. ሁለት ፈረንሳውያን ፎቶግራፍን በሸክላ ላይ አሳርፎ በእሳት የማጽናትን ፈጠራ በስማቸው አስመዘገቡ። ዛሬ በየሱቁ ለሚሠራበት ዘዴ መነሻ የሆነው ግን በ1957 እ.ኤ.አ. ኖኤል ደ ፕላስ የተባለ የፈረንሳይ ተመራማሪ ያገኘው ነገር ነው፤ ይኸውም አንዳንድ ደረቅ ቀለሞች በብርቱ ሙቀት ጊዜ ሳይቀልጡ በቀጥታ ወደ ተንነት የሚለወጡ መሆናቸውና ተኑም በሰው ሠራሽ ክር ውስጥ ሰርጎ የሚቀር መሆኑ ነው።

በነጋዴዎች ዘንድ «ሰብሊሜሽን» እየተባለ የሚጠራው ሥራ ይህ ነው። ሥዕሉ በልዩ ቀለም በልዩ ወረቀት ላይ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይታተማል። ወረቀቱ በጨርቁ ላይ ይደፋና «ሂት ፕሬስ» በሚባለው የሙቀት መጫኛ መኪና ከ190 እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ከ45 እስከ 60 ሰከንድ ያህል ይጫናል። በዚህ ጊዜ ቀለሙ ተን ይሆናል፤ የፖሊስተሩም ክር በሙቀቱ ኀይል ውስጡ ይላላል፤ ተኑ ይገባል፤ ጨርቁ ሲቀዘቅዝ ክሩ ይጨበጥና ቀለሙን በውስጡ ቈልፎ ያስቀረዋል። ሥዕሉ በጨርቁ ላይ የተለጠፈ ሳይሆን የጨርቁ አካል ስለሚሆን በእጅ ቢዳሰስ አይታወቅም፤ ቢታጠብም አይላጥም። በወረቀቱ ላይ ሳለ ፈዝዞ የሚታየው ቀለም በጨርቁ ላይ ካረፈ በኋላ መድመቁም ለዚህ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ወረቀቱን አይቶ «ቀለሙ ጎድሏል» በማለት እንዳይጨምር አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ታዲያ በዚህ ዘዴ ሁለት የማይታለፉ ወሰኖች አሉ። አንደኛው፣ ቀለሙ የሚጸናው በፖሊስተር ወይም በፖሊስተር ቅብ ላይ ብቻ መሆኑ ነው። የጥጥ ክር በሙቀት አይላላም፤ ተኑን አያስገባም። ስለዚህ በጥጥ ካናቴራ ላይ የተደረገ ሰብሊሜሽን ለዕለቱ ሥዕል ይመስላል እንጂ በመጀመሪያው እጥበት ይሸሻል። ከጥጥና ከፖሊስተር ተደባልቆ በተሠራ ጨርቅ ላይም ሥዕሉ የሚጸናው በፖሊስተሩ መጠን ነው፤ ግማሽ በግማሽ ከሆነ ጥጡ የያዘው ቀለም ታጥቦ ስለሚሄድ ሥዕሉ ያረጀ መስሎ ይቀራል። ሁለተኛው ወሰን የጨርቁ መልክ ነው። የሰብሊሜሽን ቀለም ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ነጭ ቀለምም የለውም። በነጭ ወይም እጅግ ፈዛዛ በሆነ ጨርቅ ላይ ካልሆነ በቀር አይታይም። ለሐዘን ጥቁር ካናቴራ የሚያዝ ደንበኛ በመጣ ጊዜ በሰብሊሜሽን እሠራልሃለሁ ብሎ ቀብድ መቀበል አይገባም።

በሱቅ ያለው ካናቴራ ጥጥ ይሁን ፖሊስተር በአንገቱ ላይ በተሰፋው ምልክት ብቻ አይታመንም፤ «100 ፐርሰንት ኮተን» የሚል ጽሑፍ በማንኛውም ጨርቅ ላይ ሊሰፋ ይችላልና። ከስፌቱ ጫፍ ጥቂት ክር መዝዞ በክብሪት ማየት ቀላል መፈተኛ ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ነው፤ በጣት ሲነካ የሚበንን ልል አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ግን ከእሳቱ እየሸሸ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጢስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ዶቃ የመሰለ ነገር ይሆናል። ድብልቅ የሆነው ሁለቱንም ጠባይ ያሳያል። በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ ከየእስሩ አንድ አንድ እየመዘዘ ቢፈትን ድካሙ የአምስት ደቂቃ ነው።

ይህ ነገር ለወሎ ነጋዴ በተለይ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የአገሩ ልብስ፣ ጋቢውም ነጠላውም ቡልኮውም፣ ጥጥ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የታወቀው በጥጥ ሥራው ነው። በሌላ ወገን በገበያው የበዛው ርካሽ የሰብሊሜሽን ካናቴራ ከውጭ የሚመጣ ፖሊስተር ነው። እንግዲህ በአገር ጥጥ ላይ ፎቶግራፍ ለማሳረፍ የሚሻ ሰው ሌላ መንገድ መያዝ አለበት ማለት ነው።

ለጥጥ የሚሆነው የመጀመሪያው መንገድ በተራ የቀለም ማተሚያ የሚታተምበት ልዩ የማዛወሪያ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ከነሥዕሉ በሙቀት ቀልጦ በጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ለነጭ ጨርቅ የሚሆነውና ለጥቁር ጨርቅ የሚሆነው ወረቀት የተለያዩ ናቸው፤ የነጩ ሥዕሉ ተገልብጦ ይታተማል፣ የጥቁሩ ግን ሳይገለበጥ ይታተምና በዙሪያው ተቀርጦ ይለጠፋል። ይህን ባለማወቅ ስሙ ወደ ኋላ የሚነበብ ካናቴራ ለደንበኛ የሰጡ ሱቆች ጥቂት አይደሉም። ዋጋው ቀላል፣ መሣሪያውም ጥቂት ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል፤ ዳሩ ግን ሽፋኑ በደረት ላይ እንደ ላስቲክ ይከብዳል፤ እየታጠበ ሲሄድም ይሰነጣጠቃል። ለአንድ ቀን በዓል የሚለበስ ከሆነ ይበቃል፤ ለዘወትር ልብስ ግን አይመከርም።

ሁለተኛውና በአሁኑ ጊዜ ገበያውን የወረሰው «ዲቲኤፍ» የሚባለው ነው። በዚህ ዘዴ ሥዕሉ በስስ የፕላስቲክ ፊልም ላይ ይታተማል፤ ከኋላው ነጭ ቀለም ይደረብለታል፤ ቀለሙ ሳይደርቅ የሚጣበቅ ዱቄት ይነሰነስበትና በሙቀት ይቀልጣል። ፊልሙ ከዚያ በኋላ ከ150 እስከ 165 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያህል በጨርቁ ላይ ተጭኖ ይነሣል። በጥጥም በፖሊስተርም፣ በነጭም በጥቁርም ላይ ይሠራል። ለሐዘን ልብስ የሚበጀውም ይኸው ነው።

መኪናው ግን አሳዳጊ የሚፈልግ ሕፃን ነው። ነጩ ቀለም የሚሠራው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ከተባለ ከባድ ዱቄት ስለሆነ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይዘቅጣል። በመኪናው ውስጥ ያለው ማዘዋወሪያ ቀለሙን ዘወትር ማንቀሳቀስ ይኖርበታል። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት፣ ትእዛዝም ሳምንት ሙሉ በማይመጣበት ቦታ ነጩ ቀለም በማተሚያው ራስ ቀዳዳዎች ውስጥ ይደርቃል። ይህ ራስ የመኪናው ውድ ክፍል ነው፤ አንድ ጊዜ ከተደፈነ ነጋዴው የሦስት ወር ትርፉን ለመለወጫ ሊከፍል ይችላል። ከዚህ የተነሣ በደጋን ወይም በገርባ ላለ ባለሱቅ የዲቲኤፍ ማተሚያ መግዛት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። የሚሻለው ሥዕሉ የታተመበትን ፊልም በሜትር ከሚያትሙት የአዲስ አበባ ቤቶች፣ ወይም ትእዛዝ ከማያጣው የደሴና የኮምቦልቻ ማተሚያ ቤት እያስመጡ፣ በሱቅ ውስጥ የሙቀት መጫኛውን ብቻ ይዞ መሥራት ነው። የታተመው ፊልም ከእርጥበትና ከፀሐይ ተጠብቆ ከተቀመጠ ለብዙ ሳምንት ሳይበላሽ ይቈያል። የሙቀት መጫኛው ከ1400 እስከ 2000 ዋት ያህል ይወስዳል፤ መብራት በመካከሉ ቢጠፋም ብረቱ ሙቀቱን በአንድ ጊዜ አይለቅምና የተጀመረውን ልብስ በእጅ ሰዓት እየቈጠሩ መጨረስ ይቻላል። የቤት ካውያ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሥዕሉ በመካከሉ ተቃጥሎ በጠርዙ ጥሬ ይቀራል። የከሰል ካውያንማ ማንሣትም አያስፈልግ።

ትእዛዙ ብዙና አንድ ዐይነት ከሆነ፣ ለምሳሌ 300 ካናቴራ በአንድ ወይም በሁለት ቀለም የሚታተም ከሆነ፣ የቀድሞው የስክሪን ፕሪንት ሥራ አሁንም የሚያህለው የለም። ወንፊቱን አዘጋጅቶ ለመጀመር ጊዜ ይወስዳል፤ አንዴ ከተዘጋጀ በኋላ ግን እያንዳንዱ ልብስ የሚፈልገው ወጪ እጅግ ጥቂት ነው። የሰው ፊት በዚህ ዘዴ የሚታየው ሥዕሉ ወደ ነጠብጣብ ከተለወጠ ብቻ ስለሆነ ጥሩ ባለሙያ ያሻዋል።

ከጨርቅ ወደ ሌላ ዕቃ ስንመጣ ኩባያ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። ለፎቶግራፍ የሚሆን ኩባያ በላዩ የፖሊስተር ጠባይ ያለው ቅብ የተቀባ ነው፤ ከተራው የገበያ ኩባያ በዐይን ለመለየት ያስቸግራል፣ ዋጋው ግን ይለያል። አስመጪው የሰብሊሜሽን ኩባያ መሆኑን በደረሰኙ ላይ ካላስጻፈና ከየካርቶኑ አንድ አንድ እያወጣ ካልፈተነ ተራ ኩባያ በቅብ ኩባያ ዋጋ ሊገዛ ይችላል። ቡና የሚጠጣበት ተራ ስኒ ቅቡ ስለሌለው ሥዕል አይቀበልም። ጀበናማ ጭራሹን አይሆንም፤ ሸክላው ጥቁር ነው፣ ፊቱም ሻካራ ነው። ደንበኛ ለቡና ዕቃው ሙሉ ሥዕል ከፈለገ ልዩ የሸክላ ቀለም በታተመበት የውሃ ወረቀት ተለጥፎ 800 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ የሚጠበሰው ሥራ ብቻ ይጸናል፤ ይህም የሱቅ ሳይሆን የፋብሪካ ሥራ ነው።

በእንጨት ላይ ለመሥራት መኪና እንኳ አያስፈልግም። ሥዕሉ ተገልብጦ በሌዘር ማተሚያ በተራ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ በለሰለሰው ነጣ ያለ እንጨት ላይ የአክሪሊክ ጄል ይቀባል፤ ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ አየሩ እስኪወጣ ይዳመጣል። ሌሊቱን ከደረቀ በኋላ ወረቀቱ በውሃ እየራሰ በጣት ይፈተጋል፤ ወረቀቱ ሲለቅ ቀለሙ በእንጨቱ ላይ ይቀራል። በላዩ ቫርኒሽ ይቀባል። ቀለሙ በቀለም በጥባጭ ማተሚያ የታተመ ከሆነ ግን ጄሉ እንደ ነካው ይሟሟል። የእጅ ሥራ ዕቃ ለሚያዘጋጁ ወጣቶች፣ ለስጦታ ሣጥንና ለግድግዳ ጌጥ፣ በጥቂት ገንዘብ የሚጀመር ሥራ ይህ ነው።

የመቃብር ድንጋይ ሥዕል ከሁሉ ተለይቶ ሊነገር ይገባዋል። ብዙ ሱቆች ቅብ በተቀባ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ በሰብሊሜሽን አትመው ይሸጣሉ፤ ሰሌዳው በሚሰጥበት ቀን የሚያምር ነው። ነገር ግን ይህ ቀለም የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር አይችልም። ጨረሩ ደግሞ ከባሕር ወለል በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻም 1850 ሜትር ገደማ። ክረምት ከበጋ በደጅ የቆመ እንዲህ ያለ ሥዕል በጥቂት ዓመት ውስጥ መጀመሪያ ቀዩና ቢጫው እየሸሸ፣ ኋላም ፊቱ እየጠፋ ይሄዳል። ቤተ ሰቡ ለሙት ዓመት ሲመጣ የሚያየው ባዶ ሰሌዳ ነው። ለዘለቄታው የሚሆነው በእሳት የተጠበሰው የሸክላ ፎቶግራፍ ነው፤ በአውሮጳ መቃብሮች ከመቶ ዓመት በላይ የቈዩ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ዋጋው ከፍ ቢልም ነጋዴው ሁለቱን ለደንበኛው አስረድቶ ማስመረጥ ይገባዋል። በርካሹ የሚሸጠውን «አይለቅም» ብሎ መሸጥ ግን በሐዘንተኛ ላይ የሚፈጸም ማታለል ነው።

ሥዕሉ የሚነሣበት የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ጉዳይም ቀላል አይደለም። ከገጠር የሚመጣ ደንበኛ፣ በተለይም ለአረጋዊ ሟች፣ የሚይዘው አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም ከመታወቂያ ላይ የተነሣ፣ ማኅተም ያረፈበት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ በደሴና በኮምቦልቻ በኩል ባለፈ ጊዜ ከነአልበሙ ንብረታቸውን ያጡ ቤቶችም አሉ። ስለዚህ የሱቁ ሕግ አንድ ይሁን፤ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ሙቀትም፣ ውሃም፣ ማጣበቂያም አይነካውም። በስካነር ይገለበጣል፣ በደንበኛው ፊት ይመለስለታል፤ ሥራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሆናል። አሮጌ ፎቶግራፍ በቀጥታ በጄል ለጥፎ ወረቀቱን መፈተግ የሚታሰብ አይደለም፤ የተፈተገው ፎቶግራፍ ተመልሶ አይገኝምና።

ግልባጩ የሚነሣበት መጠንም በሂሳብ የሚታወቅ ነው። ለጥሩ ሕትመት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ይፈለጋል፤ 150 ዝቅተኛው ነው ቢባል ይሆናል። 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉርድ ፎቶግራፍ በ300 ነጥብ ቢገለበጥ ወርዱ 354 ነጥብ ብቻ ይሆናል። ይህ በካናቴራ ደረት ላይ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ሲለጠጥ በአንድ ኢንች 45 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል፤ ፊቱም እንደ ጭጋግ ይሆናል። በ1200 ቢገለበጥ ግን 180 ነጥብ ይደርሰዋል፤ ይህም ይበቃል። የደጋን ባለሱቅ የደንበኛውን ፎቶግራፍ በስልክ አንሥቶ ወደ ኮምቦልቻ በቴሌግራም ሲልክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጎ ይላክ፤ እንደ ፎቶ የተላከው በመንገድ ላይ ተጨምቆ ይደርሳልና። ፎቶግራፉንም በጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጦ፣ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን፣ ጥላው ሳያርፍበት ማንሣት ይገባል።

አስመጪዎች ስለ ጉዞውና ስለ ማከማቻው ሊያስቡበት ይገባል። ለኮምቦልቻ የሚሆነው ጭነት ከጅቡቲ ተነሥቶ በአፋር ቆላ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ በደጋን በኩል ይገባል። በቆላው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት በታሸገ ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ሙቀት ከዚያ እጅግ ይበልጣል፤ ቀለሙ ይጎዳል፣ የሚጣበቀውም ዱቄት እየተጓጐለ ይጋገራል። ቀለም በሚታዘዝበት ጊዜ የሚያበቃበትን ቀን ከሻጩ ማስጻፍ፣ ከተቻለም ጭነቱን ከቆላው ብርቱ ሙቀት ወራት ማራቅ ይበጃል። በደጋው በኩል ደግሞ ጠላቱ እርጥበት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የደሴ ጭጋግ በወረቀቱ ውስጥ ይገባል፤ እርጥብ ወረቀትና እርጥብ ልብስ በሙቀት መጫኛው ሥር እንፋሎት ያወጡና ሥዕሉን ያዥጐረጉሩታል። ወረቀቱን በታሸገ ፕላስቲክ ማኖር፣ ልብሱንም ሥዕሉ ሳይደፋበት አምስት ሰከንድ ያህል አስቀድሞ መጫን ይህን ያስቀራል።

የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ቀለም፣ ፊልምና ኩባያ በብር ሲሰላ ዋጋው በእጅጉ ጨምሯል። ስለዚህ ቀድሞ ከቁም ነገር የማይገባው ብክነት ዛሬ ትርፉን የሚበላ ሆኗል። ለአብነት ያህል፣ ባለሱቁ እያንዳንዱን ካናቴራ በ300 ብር ገዝቶ 100 ካናቴራ ለማተም ቢዋዋልና 8ቱ ቢበላሹበት፣ 2400 ብር ከሰረ ማለት ነው፤ ይህም በተረፉት 92 ካናቴራዎች ላይ ሲከፈል በእያንዳንዱ ላይ 26 ብር ይጨምራል። ዋጋውን ሲያስብ ቀለሙንና ልብሱን ብቻ ቈጥሮ የተበላሸውን፣ የመብራቱን፣ የቤቱን ኪራይና የራሱን ድካም የማይቈጥር ነጋዴ ብዙ ሲሸጥ ብዙ ይከስራል። ከ100 በላይ ለሆነ ትእዛዝ አንዱን ሠርቶ፣ አጥቦ፣ ደንበኛውን አስፈርሞ ከዚያ በኋላ የቀረውን መጀመር የሚበጅ ልማድ ነው።

በሕግ በኩል ብዙ ባለሱቅ የማያስበው ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የማንኛውም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ራሱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በቁጥር 28 ለታወቁ ሰዎችና በመንግሥት ሥራ ላይ ላሉ፣ እንዲሁም ለፍርድ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ጉዳይ ልዩ ሁኔታ ተደርጓል። ፈቃዱ ሳይጠየቅ ሥዕሉ የወጣበት ሰው ሽያጩ እንዲቆም ለመጠየቅ ይችላል፤ ዳኞችም ሻጩ ባገኘው ጥቅም መጠን ካሣ ሊያስከፍሉት ይችላሉ። ሟች በሆነ ጊዜም የሥዕሉ መውጣት ክብሩን ወይም መልካም ስሙን የሚነካ ከሆነ መብቱ ለቤተ ሰቡ ይሆናል። ስለዚህ ደንበኛ አምጥቶ ለራሱ ያሳተመውን ሥዕል ባለሱቁ ለማስታወቂያ ብሎ በመስኮቱ መስቀል የለበትም፤ ከታዘዘው በላይ አትሞ መሸጥማ ይቅርና። ፎቶ አንሺውም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በሥራው ላይ መብት አለው፤ የሰርግ ፎቶግራፍ ከፎቶ ቤት አንሥቶ በብዛት ለማሳተም ሲመጣ የፎቶ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው። የታወቁ ድርጅቶችና የስፖርት ክለቦች ምልክትም በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ከተመዘገበ ያለ ፈቃድ አይታተምም።

ለሰላት በሚለበስ ልብስና በመስገጃ ላይ የሰውና የእንስሳ ሥዕል እንዲኖር ብዙ ደንበኞች አይወዱም፤ የደጋንና የአካባቢው ባለሱቅ ይህን ሳይጠየቅ ያውቀዋል፤ ከሌላ አገር መጥቶ ሱቅ የከፈተ ግን ሊነገረው ይገባል።

ላኪዎችን የሚመለከተው ነገር ሁለት ነው። የመጀመሪያው የቀለሙ ዐይነት ነው። የአውሮጳ ኅብረት ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጎጂ ውህድ የሚለቁ አንዳንድ የአዞ ቀለሞች በልብስ ላይ እንዳይኖሩ ይከለክላል፤ ለፖሊስተር ከሚሆኑት ቀለሞችም መካከል ቆዳ የሚያሳክኩ ስላሉ ገዢዎች ማስረጃ ይጠይቃሉ። ርካሽ ቀለም ያለ ማስረጃ ገዝቶ ያተመ ላኪ ዕቃው ከወደብ ሊመለስበት ይችላል። ሁለተኛው የጥለቱ ጉዳይ ነው። የሰብሊሜሽን መኪና በጥቅል ፖሊስተር ላይ ጥለትና ጥበብ የመሰለ ነገር በሜትር እያተመ ያወጣል፤ ከውጭም እንዲህ ያለው ጨርቅ በብዛት ይገባል። በውጭ አገር ያለው ኢትዮጵያዊ ገዢ በእጅ የተሠራውን ሸማ ከዚህ የሚለየው በእጁ ዳስሶ ነው፤ ዕቃውን በሥዕል ብቻ አይቶ ሲያዝ ግን አይለየውም። በእጅ የተሸመነውንና በመኪና የታተመውን በአንድ ስም፣ በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ካርቶን የሚልክ ነጋዴ የሸማኔውን ዋጋ ያወርዳል፤ የራሱንም ስም ያጠፋል። በደረሰኙ ላይ «በእጅ የተሸመነ ጥጥ» ወይም «የታተመ ፖሊስተር» ብሎ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

ሥራው ተፈጽሞ ዕቃው ሲሰጥ ከልብሱ ጋር አንዲት ትንሽ ወረቀት አብራ ብትሰጥ ከሚመጣው ክርክር ብዙው ይቀራል። በዲቲኤፍና በማዛወሪያ ወረቀት ለተሠራው፤ ከተሠራ በኋላ አንድ ሙሉ ቀን አለማጠብ፣ ልብሱን ገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ በረኪና አለመጨመር፣ በሥዕሉ ላይ ካውያ አለማሳረፍ፣ በጥላ ማስጣት። በሰብሊሜሽን ለተሠራው በረኪናና ረጅም ፀሐይ ብቻ ይከልከል። ለኩባያው ደግሞ በብረት ሽቦ መፈተግ አይፈቀድም።